ሴባስቶፖል፣ ጨጨሆና የባላንጣ ሒሳብ

ከደብረ ታቦር እስከ መቅደላ በካርታ ላይ ቀጥ ያለ መስመር ቢሰመር ርዝመቱ 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መስመሩ ጉናን ረግጦ በታች ጋይንት በኩል ያልፍና በሽሎ ሸለቆ ውስጥ ይገባል። ሰውና በቅሎ በዚያ ያልፋሉ፤ ጋሪ ግን አያልፍም። ከታች ጋይንትም ሆነ ከስማዳ ወደ በሽሎ የሚወርደው አገር ገደል በገደል ነው። ስለዚህ ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. መስከረም ማብቂያ ላይ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ሲነሡ የያዙት የላይኛውን መንገድ ነበር። በላይ ጋይንት ደጋ አድርገው በጨጨሆ ወደ ዋድላ አለፉ፤ ከዚያ የጅጣን ገደል ወርደው ወጡ፤ ደላንታን አቋርጠው በሽሎን ተሻገሩና መቅደላ ደረሱ።

ጨጨሆ ላይ ደጋው ይጠብና አንገት ይሆናል። በአንድ ወገኑ ያለው ውኃ ወደ ተከዜ፣ በሌላው ወገኑ ያለው ወደ በሽሎና ወደ ዓባይ ይወርዳል። ቻይናውያን የሠሩት የወረታ ወልድያ መንገድ ነፋስ መውጫን አልፎ የሚሄደው ዛሬም በዚሁ በኩል ነው። ንጉሥም ቢመጣ መሐንዲስም ቢመጣ የጋይንት መሬት የሚሰጠው ምርጫ ጥቂት ነው።

ከጓዙ ሁሉ የከበደው ሴባስቶፖል የተባለው ሞርታር ነበር። ክብደቱ ወደ 7 ቶን ይጠጋል። በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በገመድ ይጎትቱታል፤ ዳገት ላይ ከፊት ይስባሉ፣ ቁልቁለት ላይ ከኋላ ይይዛሉ። መንገድ ስላልነበረ መንገዱ እየተሠራ ነው የሚሄዱት፤ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ድንጋይ ያነሡና ያስተካክሉ እንደነበር እዚያ የነበሩት አውሮፓውያን ጽፈዋል። ጉዞው አምስት ወር ተኩል ያህል ፈጀ። በዚያው ጊዜ የእንግሊዙ ጄኔራል ሮበርት ናፒየር ከቀይ ባሕር ዳርቻ፣ ከዙላ፣ 640 ኪሎ ሜትር ያህል አቋርጦ እየመጣ ነበር። ከሕንድ የመጡ 44 ዝሆኖች ከባድ መድፎቹን ተሸክመውለታል፤ እህሉን ደግሞ ከየመንደሩ በማርትሬዛ ብር ይገዛል። የቴዎድሮስ ጦር ግን ይኖርበት የነበረውን በጌምድርን ዘርፎ ጨርሶት ነበር። ያንን ብረት የሚጎትተው ሠራዊት የሚበላው የማን እንደነበር ለጋይንት ገበሬ መንገር አያስፈልግም።

ታዲያ ለምን? ሠራዊቱ ተበትኖ ጥቂት ሺህ ብቻ የቀረው ንጉሥ፣ ጠላት ከባሕር እየመጣ፣ ግማሽ ዓመት ያህል አንድ ሞርታር ሲያስጎትት ለምን ከረመ? የተለመደው መልስ ቁጣና እብደት ነው። ይህ መልስ ይቀላል፤ ለእኔ ግን አይበቃኝም። ዐፄ ቴዎድሮስ ያደረጉት ከእሳቸው በኋላ ትልልቆቹ መንግሥታት ሁሉ ያደረጉትንና አሁንም የሚያደርጉትን ነው፤ ለመተኮስ ሳይሆን ለመታየት የሚሠራ መሣሪያ ሠሩ። የዛሬዎቹ የጦር ሊቃውንት ስትራቴጂያዊ የሚሉት መሣሪያ ዋና ሥራው ባላንጣው ቁጭ ብሎ ሒሳብ ሲሠራ በሒሳቡ ውስጥ መግባት ነው። ከገባ ሳይተኮስም ሥራውን ሠርቷል። ካልገባ ቢተኮስም ከንቱ ነው። ሴባስቶፖል በአንደኛው ባላንጣ ሒሳብ ገብቶ በሌላኛው ሳይገባ የቀረ መሣሪያ ነው።

የገባበትን እንይ። ሞርታሩ የተሠራው ከደብረ ታቦር ወጣ ብላ ባለችው በጋፋት ነው። ሠሪዎቹ ስዊዘርላንድ ውስጥ ባዝል አጠገብ ካለው ከቅዱስ ክሪሾና የመጡ፣ ወንጌል እየሰበኩ በእጅ ሥራ እንዲያስተምሩ የተላኩ ሚሲዮናውያን ነበሩ። ከእነሱ አንዱ ቴዎፍሎስ ዋልድማየር የጋፋትን ሥራ በመጽሐፍ ትቶልናል። መድፍ ማቅለጥ የተማሩ ሰዎች አልነበሩም፤ ንጉሡ ካላደረጋችሁ ስላሏቸው ከብዙ ሙከራና ክሽፈት በኋላ አደረጉት። በዚያን ጊዜ ላስታ በዋግሹም ጎበዜ እጅ ነበር፤ ከመቅደላ ያመለጡት ምኒልክም ሸዋ ላይ ነግሠዋል። ይህን ሁሉ ወገን ለማስፈራት አገር ውስጥ ከቀለጠ ግዙፍ መድፍ የሚበልጥ ነገር አልነበረም። ከጋይንት እስከ ደላንታ ባለው ጠባብ መንገድ ላይ ዋግሹም ጎበዜ በፈለጉት ገደል አፍ ቆመው ያንን ዝግተኛ ሰልፍ ሊቆርጡት ይችሉ ነበር። አልቆረጡትም። ይህ የመድፉ ሥራ ነው ብሎ በእርግጠኝነት መናገር አይቻልም፤ ግን መድፉ የተሠራው ለዚህ ነበር።

ያልገባበት የለንደን ሒሳብ ነው። ስሙ ራሱ የሚናገረው አለ። ሴባስቶፖል በክራይሚያ ጦርነት ሩሲያ፣ እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ቱርክ ለአንድ ዓመት ያህል የተፋለሙበት ወደብ ነው፤ ወደቡ የወደቀበት 1855 እ.ኤ.አ. ቴዎድሮስ ዘውድ የጫኑበት ዓመት ነው። ንጉሡ የኃያላኑን ጠብ ሰምተዋል፤ ያልተረዱት የተሰላፊዎቹን አቋም ይመስለኛል። በ1862 እ.ኤ.አ. ለንግሥት ቪክቶሪያ የላኩት ደብዳቤ ክርስቲያን ከክርስቲያን ጋር ሆኖ ቱርክን እንዲወጋ የሚጋብዝ ነበር። እንግሊዝ ግን በክራይሚያ የተዋጋችው ለቱርክ ወግና ነው፤ የሩሲያ መንገድ እንዲዘጋ ቱርክ መቆም ነበረባት። ደብዳቤው መልስ አላገኘም። የእንግሊዙ ቆንስል ካሜሮን ታሰረ፤ ሌሎችም ተከተሉ፤ በነሐሴ 1867 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ መንግሥት ጦር እንዲዘምት ወሰነ። ለንደን ላይ የተመዘነው የእስረኞቹ ጉዳይ፣ የእንግሊዝ ክብርና የዘመቻው ወጪ ነው። በበጌምድር ደጋ የሚጎተት ሞርታር በዚያ ሚዛን ላይ አልወጣም።

ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ በዕለተ ስቅለት፣ አሮጌ ሜዳ ላይ የሆነው የታወቀ ነው። ከፋላ አምባ ትልልቆቹ መድፎች ተኮሱ፤ ጥይቱ ከእንግሊዞቹ ራስ በላይ አለፈ። በፊታውራሪ ገብርዬ የተመራው ሠራዊት ቁልቁል ወርዶ ገጠመ። ከጠበቁት አንዱ ከኋላው የሚጎርሰው ስናድር ጠመንጃ ነው። ሁለተኛው ብዙ ሰው የማያነሣው ነው፤ የእንግሊዝ ባሕር ኃይል መርከበኞች በበቅሎ ጭነው ያመጡት ሮኬት። ከብረት ቱቦ እየጮኸ የሚወጣው ያ እሳት የዛሬው ሚሳኤል ቅድመ አያት ነው። 7 ቶን የሚመዝነው ተራራ ላይ ሲቀር በበቅሎ የመጣው ሜዳ ላይ ዋለ። ወደ 700 ያህል የኢትዮጵያ ሰው ሞተ፤ ገብርዬም እዚያው ወደቁ። ከእንግሊዝ ወገን 20 ሰው ቆሰለ፤ ከነሱ 2 በኋላ ሞቱ። በሦስተኛው ቀን፣ ሚያዝያ 6፣ ቴዎድሮስ ሽጉጣቸውን ጠጡ። ሴባስቶፖል እስከ ዛሬ መቅደላ ላይ አለ፤ አምሳያው አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ ቆሟል።

ከዚህ ተነሥተን ወደ ዛሬው የኑክሌር ኃያላን ፉክክር ስንሻገር ችግሩ ተገልብጦ እናገኘዋለን። ያኔ የለንደኑ ባላንጣ መሣሪያውን ከሒሳብ አላስገባውም። አሁን ባላንጣዎቹ ገና ያልተሠራውን፣ ሲሞከርም ግማሽ በግማሽ የሚስተውን መሣሪያ ሳይቀር ሙሉ በሙሉ እንደሚሠራ አድርገው ይመዘግቡታል። የሚሳኤል መከላከያ ነገር የሚወሳሰበው እዚህ ላይ ነው።

አህጉር አቋራጭ ባሊስቲክ ሚሳኤል ከሩሲያ ወደ አሜሪካ ለመድረስ ግማሽ ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። መጀመሪያ ለጥቂት ደቂቃ እየነደደ ይወጣል፤ ቀጥሎ ሞተሩ ጠፍቶ ከአየር በላይ በሰከንድ ወደ 7 ኪሎ ሜትር እየተወረወረ ይሄዳል፤ በመጨረሻ ቦምቡን የያዘው አረር ወደ አየር ተመልሶ ዒላማው ላይ ይወርዳል። በመጀመሪያው ምዕራፍ መምታት ይሻላል፤ ሚሳኤሉ ትልቅና ብሩህ፣ አረሩም ገና ያልተነጠለ ነውና። ግን ጊዜው አጭር ነው፤ መቺውም ቅርብ መሆን አለበት። በመካከለኛው ምዕራፍ ጊዜ አለ፤ ነገር ግን አየር በሌለበት ቦታ ከባዱ አረርና የተነፋ ፊኛ እኩል ይበራሉ፤ የትኛው እውነተኛ የትኛው ማሳሳቻ እንደሆነ መለየት ከባድ ነው። አሜሪካ አላስካና ካሊፎርኒያ ላይ ያቆመቻቸው 44 ፀረ ሚሳኤሎች የሚሠሩት በዚህ ምዕራፍ ነው። ቀኑና ሰዓቱ አስቀድሞ በሚታወቅ ሙከራ እንኳ ዒላማቸውን ያገኙት ከግማሽ ትንሽ ከፍ ላለ ጊዜ ነው። የተዘረጉትም እንደ ሰሜን ኮሪያ ያለ ጥቂት ሚሳኤል ሊተኩስ የሚችል አገር ታስቦ ነው ይባላል። ሩሲያ ለአገልግሎት ያቆመችው አረር ከአንድ ሺህ አምስት መቶ በላይ ስለሆነ 44ቱ በእሱ ፊት ምንም አይደሉም።

ምንም ካልሆኑ ሞስኮና ቤጂንግ ለምን ይቆጣሉ? ቁጥር ይዘን እንየው፤ ቁጥሩ ለማስረዳት ብቻ ነው። ሁለት አገሮች አንድ አንድ ሺህ አረር አላቸው እንበል። አንደኛዋ መቶ አረር ሊያከሽፍ የሚችል መከላከያ አላት። ሌላዋ ቀድማ ሺሁንም ብትተኩስ ዘጠኝ መቶው ያልፋል፤ ስለዚህ መከላከያው ዋጋ ቢስ ይመስላል። ነገር ግን መከላከያ ያላት አገር ቀድማ ብትመታና የሌላዋን ዘጠኝ መቶ አረር መሬት ላይ እንዳለ ብታወድምስ? የሚቀረው መቶ ነው፤ መቶውን ደግሞ ያ ደካማ መከላከያ ይይዘዋል። ሺህ ሲመጣበት የማይረባው መከላከያ መቶ ሲመጣበት አስተማማኝ ይሆናል ማለት ነው። የኑክሌር ሰላም የሚባለው ነገር የቆመው ማንም ቀድሞ ቢመታ መልሱ አይቀርለትም በሚል ፍርሃት ላይ ብቻ ነው። መልሱን የሚያስቀር መስሎ የሚታይ ነገር ሁሉ፣ ጋሻም ይሁን ሰይፍ፣ ያንን ፍርሃት ይነካዋል። ስለዚህ ባላንጣው አረሩን ያበዛል ወይም ጋሻውን የሚዞር አዲስ መንገድ ይፈልጋል።

ይህን ነገር ለመቀበል ሰው ይቸግረዋል። የሶቪየቱን ጠቅላይ ሚኒስትር አሌክሲ ኮሲጊንንም ቸግሯቸው ነበር። በሰኔ 1967 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ግላስቦሮ በምትባል ከተማ ከፕሬዚዳንት ጆንሰን ጋር ሲገናኙ፣ የአሜሪካው መከላከያ ሚኒስትር ሮበርት ማክናማራ ፀረ ሚሳኤል ብትሠሩ እኛ ሚሳኤላችንን ለማብዛት እንገደዳለን አሏቸው። ኮሲጊን ተቆጡ። የሚገድለውን ትታችሁ የሚያድነውን ትከሱታላችሁ ወይ ነው የመልሳቸው ፍሬ ነገር። እውነታቸውን ነው፤ አገርን ከጥፋት መጠበቅን ማን ይጠላል? ሆኖም ከ5 ዓመት በኋላ፣ በግንቦት 1972 እ.ኤ.አ.፣ ሁለቱ አገሮች የፀረ ሚሳኤል መሣሪያን የሚገድብ ስምምነት ፈረሙ። ለእያንዳንዳቸው የተፈቀደው ሁለት ሥፍራ ብቻ ነበር፤ ከ2 ዓመት በኋላ ወደ አንድ ወረደ። እርስ በርሳቸው መጠፋፋት እንዲችሉ ራሳቸውን ገልጠው መቀመጥን በፊርማ አጸደቁ። እንዲህ ያለ እንግዳ ውል በታሪክ ጥቂት ነው፤ ለ30 ዓመት ያህል ግን አረር ለመቀነስ የተደረጉት ድርድሮች ሁሉ የቆሙት በእሱ ላይ ነው። ሬጋን በ1983 እ.ኤ.አ. የከዋክብት ጦርነት ተብሎ የተቀለደበትን የጠፈር ጋሻ ሲያልሙ እንኳ ውሉ አልፈረሰም።

ያፈረሱት ጆርጅ ቡሽ ናቸው። በሰኔ 2002 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ከስምምነቱ ወጣች። ምክንያቱ ከመስከረም 11 ጥቃት በኋላ የመጣው ፍርሃትና የትንንሽ አገሮች ሚሳኤል ነበር። የሩሲያ መልስ በመሣሪያ እስኪታይ 16 ዓመት ፈጀ። ቭላድሚር ፑቲን በመጋቢት 1 ቀን 2018 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ እንደራሴዎቻቸው ባደረጉት ንግግር አዳዲስ መሣሪያዎችን በፊልም እያስደገፉ አሳዩ፤ ከውሉ መውጣታችሁ ያመጣው ነው ብለውም በግልጽ ተናገሩ። መሣሪያዎቹን አንድ የሚያደርጋቸው ጋሻውን ለመዞር መታሰባቸው ነው። ሳርማት የተባለው ከባድ ሚሳኤል የአሜሪካ ራዳሮች ወደ ሰሜን በሚያዩበት ጊዜ በደቡብ ዋልታ በኩል ሊመጣ ይችላል ተባለ። አቫንጋርድ ከአየር ጠርዝ ላይ እየተንሸራተተ አቅጣጫ የሚቀይር ነው፤ የት እንደሚደርስ አስቀድሞ ማስላት አይቻልም። በ2019 እ.ኤ.አ. ማብቂያ ለአገልግሎት ገብቷል። ፖሲዶን በኑክሌር ኃይል የሚሄድ ሰው አልባ የባሕር ሰርጓጅ ነው፤ ሰማይ ላይ የተዘረጋ ጋሻ በሙሉ አይመለከተውም። ቡሬቬስትኒክ ደግሞ የኑክሌር ሞተር ያለው ክሩዝ ሚሳኤል ነው፤ ዝቅ ብሎ ለረጅም ሰዓት መብረር ይችላል ይባላል። ቻይናም በበረሃ በመቶዎች የሚቆጠሩ የሚሳኤል ጉድጓዶች ቆፍራለች፤ የአረሯ ቁጥር በስቶክሆልሙ የሰላም ምርምር ተቋም ግምት 600 ደርሷል።

ከእነዚህ ግማሹ ለመታየት የተሠራ ነው ብዬ አምናለሁ። ሳርማት በመስከረም 2024 እ.ኤ.አ. ሲሞከር ማስወንጨፊያው ላይ ፈንድቶ የተወው ጉድጓድ ከሳተላይት ታይቷል። በ2019 እ.ኤ.አ. ነሐሴ በነጭ ባሕር ዳርቻ በደረሰ የኑክሌር ሞተር አደጋ የሩሲያ ሊቃውንት ሞተዋል፤ ብዙ የውጭ ተንታኞች ከቡሬቬስትኒክ ጋር ያያይዙታል። የዋሽንግተን ወገንም ከዚህ አይለይም። ፕሬዚዳንት ትራምፕ በግንቦት 2025 እ.ኤ.አ. ወርቃማው ጉልላት የተባለውን፣ ሚሳኤልን ከጠፈር ሆኖ ገና ሲነሣ የሚመታውን መከላከያ በ175 ቢሊዮን ዶላር በ3 ዓመት ውስጥ እናቆማለን ብለው አስታወቁ። ነገሩን ያጠኑ ሰዎች ገንዘቡም ጊዜውም አይበቃም ይላሉ። ያልተጠናቀቀው ጋሻ ያልተፈተነውን ሰይፍ ያስወልዳል፤ ሰይፉ ደግሞ ለጋሻው በጀት ያስጸድቃል። አረርን በየወገኑ በ1,550 የገደበውና የመጨረሻ ሆኖ የቀረው ስምምነት ሩሲያ በ2023 እ.ኤ.አ. አግጃለሁ ያለችው ሲሆን፣ ዘመኑም በየካቲት 2026 እ.ኤ.አ. እንዲያበቃ የተቆረጠ ነበር።

ይህ ሁሉ ከጋይንት፣ ከስማዳና ከእስቴ ምን አገናኘው የሚል አይጠፋም። ሚሳኤል ለአማራ ክልል የሩቅ ወሬ መሆኑ ያበቃው ኅዳር 4 ቀን 2013 ዓ.ም. ሌሊት ነው። ከትግራይ በጎንደርና በባሕር ዳር አውሮፕላን ማረፊያዎች ላይ ሮኬቶች ተተኮሱ፤ በማግሥቱ አስመራ ተመታች። የደረሰው ጉዳት በጦርነቱ ሚዛን ሲታይ ትንሽ ነበር። የሰው ሒሳብ ግን ተለወጠ፤ ግንባሩ ሩቅ ነው ብሎ የተኛ ከተማ ሁሉ ግንባር እንደሆነ አወቀ። ይህም የመሣሪያው ሥራ ነው።

ሁለተኛው የሚያገናኘን መንገድ ባሕሩ ነው። ቀይ ባሕር ላይ ከ2023 እ.ኤ.አ. መገባደጃ ጀምሮ የየመን ሁቲዎች ሚሳኤልና ድሮን ሲተኩሱ የአሜሪካ መርከቦች አንዱ ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በላይ በሚያወጣ ፀረ ሚሳኤል ያወርዱ ነበር፤ የሚወርደው ድሮን ብዙ ጊዜ በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ብቻ የሚያወጣ ነው። ዙላ ላይ የናፒየር መርከቦች መልሕቅ የጣሉት በዚሁ ባሕር ነው። አሁን ጅቡቲ ላይ አሜሪካ፣ ፈረንሳይና ቻይና፣ ሦስት የኑክሌር ባለቤቶች፣ በጥቂት ኪሎ ሜትር ርቀት ውስጥ የጦር ሰፈር አላቸው። የቻይናው በ2017 እ.ኤ.አ. ነው የተከፈተው፤ በዓመቱ አሜሪካኖቹ አብራሪዎቻችን ላይ ሌዘር አበሩ ብለው ቻይናን ከሰሱ፤ ቻይና አስተባበለች። የእስቴና የስማዳ ገበሬ በሰኔ የሚጠብቀው ዩሪያ የሚራገፈው በዚያው ወደብ ነው። መርከብ ሲፈራ ኢንሹራንስ ይጨምራል፤ ኢንሹራንስ ሲጨምር ማዳበሪያ ይወደዳል። ይህን ለመረዳት የኑክሌር ፊዚክስ አያስፈልግም።

ኢትዮጵያ ራሷ በዚህ ሒሳብ ውስጥ ቁጥር ሆና ታውቃለች። አስመራ ላይ የነበረው የአሜሪካ ቃኘው ጣቢያ በ1953 እ.ኤ.አ. ውል ለ25 ዓመት የተከራየ የሬድዮ ማዳመጫ ነበር። ደጋው ከምድር ወገብ ብዙ ስለማይርቅና አየሩ ስለሚመች፣ የሶቪየት የጠፈር መንኮራኩሮች የሚልኩት ምልክት ሳይቀር ይያዝበት ነበር። ለዚህ ኪራይ የኢትዮጵያ ጦር የአሜሪካ መሣሪያና ሥልጠና አግኝቷል። ሳተላይትና የሕንድ ውቅያኖሷ ዲዬጎ ጋርሲያ ሲመጡ የጣቢያው ዋጋ ወረደ፤ በ1977 እ.ኤ.አ. ተዘጋ። ደርግ ያኔ ፊቱን ወደ ሞስኮ አዙሯል። ኃያላን የአንድን አገር መሬት የሚፈልጉት መሣሪያቸው እስከፈለገው ድረስ ነው።

ግን ኢትዮጵያ ቁጥር ብቻ አልነበረችም፤ የኑክሌር መሣሪያ በሕግ እንዲወገዝ ቀድሞ ከተንቀሳቀሱት ናት። በኅዳር 24 ቀን 1961 እ.ኤ.አ. የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ኢትዮጵያ ከሌሎች ጋር ሆና ያቀረበችውን፣ ቁጥሩ 1653 የሆነውን ውሳኔ አጸደቀ። ውሳኔው በኑክሌር መሣሪያ መጠቀም የድርጅቱን ቻርተር የሚጥስና በሰው ልጅ ላይ የሚፈጸም ወንጀል ነው ይላል። 55 አገሮች ደገፉ፤ 20 ተቃወሙ፤ 26 ድምፅ ሳይሰጡ ቀሩ። አሜሪካ፣ እንግሊዝና ፈረንሳይ ተቃወሙ። ሶቪየት ደገፈች፤ ይህች ሶቪየት በታሪክ ከፈነዱት ሁሉ የሚበልጠውን ቦምብ ካፈነዳች ገና አንድ ወር አልሞላትም ነበር። ድጋፏ ከእምነት ሳይሆን ከሒሳብ እንደነበር ማንም ያውቀው ነበር። የውሳኔው መግቢያ የሚጠቅሳቸውን የቀድሞ ስምምነቶች የሚያነብ ሰው ሁለት ቦታ ላይ ይቆማል። የመጀመሪያው የ1868 እ.ኤ.አ. የሴንት ፒተርስበርግ መግለጫ ነው፤ አሮጌ ሜዳ ላይ ሮኬት በተተኮሰበት ዓመት፣ በወራት ልዩነት፣ የአውሮፓ መንግሥታት ሰው ላይ የሚፈነዱ ትንንሽ ጥይቶችን ለመከልከል ተሰበሰቡ። ከመቅደላ የተመለሰችው እንግሊዝም ከፈራሚዎቹ አንዷ ናት። ሁለተኛው የ1925 እ.ኤ.አ. የጄኔቫ ፕሮቶኮል ነው። ያንን ፕሮቶኮል ኢጣሊያ ፈርማ ነበር፤ ከ10 ዓመት በኋላ ደግሞ የመርዝ ጋዙን በኢትዮጵያ ላይ አርከፈከፈች። የኢትዮጵያ ዲፕሎማቶች ውል ምን ያህል ሊረክስ እንደሚችል ከማንም በላይ ያውቁ ነበር። እያወቁም ሌላ ውል ጠየቁ፤ ውል ቢጣስም ጥሰቱ የሚከሰስበት ሰነድ ስለሚሆን ይመስለኛል።

በዓመቱ ጄኔቫ ላይ 18 አገሮች ስለ ትጥቅ ቅነሳ መደራደር ሲጀምሩ ኢትዮጵያ ከየትኛውም ወገን ካልሆኑት 8 አገሮች አንዷ ሆና ተቀመጠች። የኑክሌር መሣሪያ እንዳይስፋፋ የሚከለክለው ውል ከዚያ ጉባኤ ወጣ። ፈረንሳይ በ1960 እ.ኤ.አ. በሰሃራ በረሃ ቦምብ ማፈንዳት ስትጀምር የተነሣው የአፍሪካ ቁጣም በ1996 እ.ኤ.አ. የተፈረመውን የፔሊንዳባን ውል አስገኘ፤ አህጉሩ በ2009 እ.ኤ.አ. በሕግ ከኑክሌር መሣሪያ ነፃ ሆነ። በ1996 እ.ኤ.አ. ደግሞ ዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት በኑክሌር መሣሪያ መጠቀም ሕጋዊ ነው ወይ ተብሎ ሲጠየቅ ውሳኔ 1653ን ከመጥቀስ አላለፈም። ፍርዱ ግማሽ ነው፤ በጥቅሉ ሕገ ወጥ ነው አለ፤ አንድ አገር የመጥፋት አደጋ ሲገጥማት ግን ይሁን አይሁን መወሰን አልቻልኩም አለ። ስለ መጥፋት የሚያወራው ያ ቀዳዳ ነው ዛሬ ሁሉም የሚገባበት።

የኑክሌር ፍንዳታ ሙከራን በሙሉ የሚከለክለውን ውል ኢትዮጵያ በ1996 እ.ኤ.አ. ፈርማ በ2006 አጽድቃለች። ውሉ ግን ገና ሥራ ላይ አልዋለም፤ የግድ ማጽደቅ ካለባቸው 44 አገሮች 9ኙ ጎድለዋል። አሜሪካና ቻይና ፈርመው አላጸደቁም፤ ሩሲያ አጽድቃ የነበረውን በ2023 እ.ኤ.አ. መልሳ ሰረዘች። በጥቅምት 2025 እ.ኤ.አ. ትራምፕ ሙከራ እንዲጀመር አዝዣለሁ አሉ፤ ቀጥሎ ሞስኮ ምን ማድረግ እንዳለባት ማጥናት ጀመረች። ውሉ ባይጸናም መቆጣጠሪያው ተሠርቷል፤ በዓለም ዙሪያ ካሉት የመሬት ንዝረት መመዝገቢያ ጣቢያዎች አንዱ አዲስ አበባ አጠገብ ፉሪ ተራራ ላይ ነው። የአፋርን ስምጥ ሸለቆ መንቀጥቀጥ የሚጽፈው መሣሪያ በኔቫዳ፣ በኖቫያ ዜምሊያ ወይም በሎፕ ኑር ከመሬት በታች ትልቅ ቦምብ ቢፈነዳ የሚደርሰውን ንዝረት አብሮ ይጽፈዋል፤ መዝገቡም ሲጠየቅ ወደ ቪየና ይላካል።